ባልዲ ቁጥር 2፦ ከግቢያችን ካፌ የተያዘ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ዓርብ፣ የሙከራ ቀን

ሚዛኑ ዛሬ ገባ። ከስቶር በውሰት ነው። እስከ 60 ኪሎ ይመዝናል። ጠርዙ ትንሽ ተቆልምሟል፣ ግን ይሠራል። ሦስት ባልዲም አገኘንና በማርከር ቁጥር ጻፍንባቸው። ባልዲ 1 ተማሪ በልቶ ከሳህኑ የሚመልሰው ነው። ባልዲ 2 በስሎ ግን ለማንም ሳይደርስ ድስት ውስጥ የቀረው። ባልዲ 3 ደግሞ ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የጠወለገ ካሮት፣ በቃ ገና ሳይበስል የሚጣለው ሁሉ።

ነገሩ የተጀመረው በፖስተር ነው። የአካባቢ ጥበቃ ክበባችን "ምግብ አታባክኑ" የሚል ፖስተር ሊያሳትም ነበር። ስብሰባው ላይ እጄን አወጣሁና "ግን ማን ነው የሚያባክነው?" አልኩ። ሁሉም ሳቀ። ተማሪው ነዋ! ሌላ ማን ሊሆን? እውነቱን ለመናገር እኔም የማስበው እንደዚያው ነበር። ግን ሳይመዝኑ ሰው ላይ ጣት መቀሰር አልተዋጠልኝም። "እንግዲያው አንቺው መዝኚ" ተባልኩ። አፌ ነው ያመጣብኝ።

ሳህን አጣቢዎቹ ሲያዩን ፊታቸው ጠቆረ። አይፈረድባቸውም። እስከ ትናንት ሁሉም ነገር አንድ በርሜል ውስጥ ነበር የሚገለበጠው። ዛሬ ሶፍቱን ለዩ፣ አጥንቱን ለዩ የሚል ሰው መጣባቸው። አንዱ "እህቴ፣ ይሄን ትራፊ መዝነሽ ምን ሊፈይድልሽ ነው?" አለኝ። የምመልሰው አጣሁ። እጅጌዬን ሰብስቤ አጠገቡ ቆሜ ሳህን ማራገፍ ጀመርኩ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጓንት አቀበለኝ።

ሰኞ

የዓርቡ ቁጥር ውሸት ነው። የባልዲውን ክብደት አልቀነስንም። አንዱ ባዶ ባልዲ 1.3 ኪሎ ይመዝናል። ዓርብ ከ20 ጊዜ በላይ ሞልተን ገልብጠናል። 26 ኪሎ ፕላስቲክ "ምግብ" ብለን መዝግበናል ማለት ነው። ገጹን ቀድጄ ጣልኩት።

ሾርባም ጉድ አደረገን። ሾርባ በተሠራ ቀን ባልዲ 1 እንደ ድንጋይ ይከብዳል፣ ውስጡ ያለው ግን አብዛኛው ውኃ ነው። አሁን በትልቅ ወንፊት እናጠለውና ጠጣሩን ብቻ እንመዝናለን። ልክ ነው አይደለም ብለን ብዙ ተከራከርን። ዋናው ነገር መጨረሻ ላይ ስንመዝንም በዚሁ መንገድ መመዘናችን ነው ተባባልንና ተስማማን።

ሌላው ጥያቄ "ስንት ሰው በላ?" የሚለው ነው። ይሄን ሳያውቁ ኪሎ ብቻ መያዝ ትርጉም የለውም። መዝገቡ ላይ ያለው ተመጋቢ 780 ነው። አዳራሹ ውስጥ ግን ያን ያህል ሰው አይታየኝም። መፍትሔውን ያመጣው ያ ጓንት ያቀበለኝ ልጅ ነው። "ቅርጫቱን ቁጠሪያ!" አለኝ። የሳህን ማጠቢያው ቅርጫት ልክ 18 ሳህን ይይዛል። አንድ ቅርጫት በገባ ቁጥር ግድግዳው ላይ አንድ ጭረት። ዛሬ 35 ቅርጫት ሞልቶ ጥቂት ተረፈ። ወደ 640 ሰው መሆኑ ነው። ከመዝገቡ በ140 ያንሳል።

ዓርብ ማታ፣ የ1ኛው ሳምንት ማብቂያ

እጄ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል፣ በሎሚም አልለቀቀም። ቁጥሩ ግን አለን። በአምስት ቀን ምሳ ወደ 3,000 ሳህን ታጥቧል። ባልዲ 1፦ 210 ኪሎ። ባልዲ 2፦ 270 ኪሎ። ባልዲ 3፦ 125 ኪሎ።

ሁለቴ ደመርኩት። ከተማሪው ሳህን ይልቅ ድስት ውስጥ የቀረው በለጠ! ከ270ው ውስጥ ደግሞ 112ቱ የዛሬ ብቻ ነው። ዓርብ ዓርብ ሰው ምሳ ሳይበላ ከግቢ ይወጣል። ዛሬ የታጠበው ሳህን 440 ገደማ ነው። የተሠራው ግን እንደ ሰኞ ነው። ያን ሁሉ ሩዝ ከድስት ወደ ባልዲ ሲገለብጡት ሳይ ሆዴን አመመኝ። ነጭ ነው፣ ይጨሳል፣ ማንም አልነካውም።

ፖስተሩ ታትሞ ቢሆን ኖሮ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ የሚሰድበው የተሳሳተውን ሰው ነበር።

ለክበቡ ሪፖርት ትንሽ አነበብኩ። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2024 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በ2022 በዓለም ላይ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ተጥሏል። 60 በመቶው ከየቤቱ፣ 28 በመቶው እንደኛ ካሉ ምግብ አቅራቢዎች፣ 12 በመቶው ከመሸጫ ሱቆች። እነዚህ እንደ ጎሮጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው። የሚጣለው ደግሞ ምግቡ ብቻ አይደለም። ያ ሩዝ የጠጣው ውኃ፣ የተጫነበት መኪና ነዳጅ፣ የበሰለበት እሳት፣ የአብሳይ ሴቶቹ ላብ ሁሉ አብሮት ይገለበጣል።

ሳምንት 2፣ ማክሰኞ

ዛሬ ከዋና አብሳይዋ ጋር ቁጭ ብለን አወራን። ግቢው በሙሉ የሚጠራቸው "ማዘር" ብሎ ነው። እኔም እንደዚያው እላቸዋለሁ። ቁጥሩን ይዤ ስሄድ ልቤ ይመታ ነበር። "እርስዎ ነዎት የሚያባክኑት" የምል ይመስልብኛል ብዬ ፈራሁ።

ወረቀቱን በእጃቸው ገፋ አደረጉት። "ልጄ፣ ይሄን እኔ አላውቅም መሰለሽ? በየቀኑ እኮ የምገለብጠው እኔ ነኝ።"

"ታዲያ ለምን አይቀንሱትም፣ ማዘር?"

"ምግብ ተረፈ ተብሎ የተጠራ አብሳይ አይቼ አላውቅም። ምግብ አለቀ ተብሎ ግን እኔ ራሴ ሁለቴ ቢሮ ተጠርቻለሁ። አንዴማ ልጆቹ በሳህን ጠረጴዛ ሲደበድቡ ነው የዋሉት። ከዚያ ወዲህ አንድ ድስት ጨምሬ ካላበሰልኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።"

ይሄው ነው ነገሩ። ባልዲ 2 የሚሞላው በፍርሃት ነው። መዝገቡ 780 ይላል፤ ስለዚህ ለ780 ያበስላሉ፤ ለክፉ ቀን ደግሞ ይጨምሩበታል። የሚመጣው ሰው ቁጥር ትክክለኛውን ማንም ነግሯቸው አያውቅም። ሳህኑ ይታጠባል እንጂ አይቆጠርም ነበር።

ሁለት ነገር ተስማማን። አንደኛ፣ በየቀኑ የታጠበውን ሳህን ቁጥር ወጥ ቤት ሰሌዳ ላይ እጽፍላቸዋለሁ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ "ዓርብ ስንት ሰው ይመጣል?" የሚለው ጥያቄ ዓይን ተጨፍኖ አይመለስም። ሁለተኛ፣ ሩዙን በአንድ ጊዜ ከማብሰል ለሁለት እንከፍለዋለን። የመጀመሪያው ድስት ግማሽ ሲደርስ ሁለተኛው ይጣዳል፣ ወይም አይጣድም። ማዘር "እሺ፣ እንሞክረው" አሉ። "ከተጠራሁ ግን አብረሽኝ ነው ቢሮ የምትገቢው።"

ሳምንት 2፣ ዓርብ

ወይ ጣጣ!

ሩዙ አለቀ። ለመዝጊያ 25 ደቂቃ ሲቀረው። ያለፈው ዓርብ 440 ስለነበር ለ470 ነበር ያሰብነው። ለካ ዛሬ ከሰዓት ፈተና ያላቸው ልጆች ነበሩ፤ ማንም ከግቢ አልወጣም። 40 ሰው ያህል ሰልፍ ላይ ቆሞ ባዶ ድስት አየ። የተባልነውን እዚህ አልጽፈውም። አንዱ ልጅ ሳህኑን በማንኪያ መደብደብ ጀመረ፣ ሌሎቹም ተከተሉት። ማዘር የነገሩኝን ድምፅ በጆሮዬ ሰማሁት።

ማዘር ግን አልጮኹም፣ "ነግሬሽ ነበር"ም አላሉኝም። አንድ ድስት ውኃ ቀድሞውኑ እየፈላ ነበር። ፓስታ ጨመሩበት። በ10 ደቂቃ ደረሰ። ከላዩ የቲማቲም ስጎ ፈሰሰበትና ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። "ውኃውን መቼ ጣዱት?" አልኳቸው። "አንቺ ቁጥር ስትቆጥሪ" አሉኝ።

ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ሳስበው ሳቄ መጣ። ለካ መፍትሔው እዚያው ነበር። መጠባበቂያ ያስፈልጋል፣ ማዘር ልክ ናቸው። መጠባበቂያው ግን የበሰለ ሩዝ መሆን የለበትም። ደረቅ ፓስታ ይሁን! ሰው ከመጣ በ10 ደቂቃ ይደርሳል። ካልመጣ ካርቶኑ ተመልሶ መደርደሪያው ላይ ይወጣል፣ ለወርም ይቆያል። የምናባክነው አንድ ድስት የፈላ ውኃ ነው፣ እሱም ለዕቃ ማጠቢያ ይሆናል። ከሰኞ ጀምሮ ደንባችን ይሄ ነው። የፈተና ፕሮግራምም ከሰሌዳው አጠገብ ተለጥፏል።

ሳምንት 3፣ ሰኞ

ከተረፈው ውስጥ ንጹሑን ለእራት ማዋል አይቻልም ወይ የሚል ጥያቄ ተነሣ። ይቻላል፣ ግን ቀልድ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ግልጽ ነው፦ ትኩስ ምግብ ከ60 ዲግሪ በላይ ይቆይ፣ ቀዝቃዛው ከ5 ዲግሪ በታች፣ የበሰለ ነገር ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ አይደር። በመካከሉ ያለው ሙቀት ለባክቴሪያ ሠርግ ነው።

ለማየት ያህል ቴርሞሜትር ይዘን ሞከርን። ሙሉ የሩዝ ድስት ከእሳት ወርዶ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ከ2 ሰዓት በኋላ ላዩ ለብ ብሏል፣ መሐሉ ግን ገና 67 ዲግሪ ነበር። ይሄን ፍሪጅ ውስጥ ቢያስገቡት እስኪቀዘቅዝ ይነጋል፣ አጠገቡ ያለውንም ያሞቃል። ያንኑ ሩዝ ዝርግ ትሪ ላይ አራት ጣት በማይሞላ ውፍረት ስንዘረጋው በፍጥነት ቀዘቀዘ። ሩዝ ደግሞ የራሱ ክፋት አለው። ባሲለስ ሴሪየስ የሚባለው ባክቴሪያ ዘሩ ሲፈላ አይሞትም። ሩዙ ሞቅ እንዳለ ከቆየ ይነቃና መርዝ ይሠራል። ያ መርዝ እንደገና ቢሞቅም አይጠፋም።

ስለዚህ ማከፋፈያው መስኮት ላይ የቆየ ምግብ ለእራት አይሄድም። ከኋላ የነበረ፣ ክዳኑ ያልተከፈተ ድስት ከሆነ ብቻ ወዲያው ትሪ ላይ ተዘርግቶ ይቀዘቅዛል። ይሄን በተመለከተ ማዘር ከእኔ የባሱ ናቸው። ጥርጣሬ ካለ ይጣላል። እኔም አልከራከርም። አንድ ኪሎ ሩዝ አተርፋለሁ ብዬ 100 ልጅ ሆዱን ይዞ ክሊኒክ ቢሰለፍ ክበባችን በዚያው ይዘጋል።

ሳምንት 3፣ ሐሙስ

አሁን ወደ ባልዲ 1 እንምጣ። ከሳህን የሚመለሰው በብዛት ምንድን ነው? ሩዝና ዳቦ። ሥጋ ሲመለስ አላየሁም። ለምን ሩዝ? መልሱ ያለው ጭልፋው ላይ ነው። የማከፋፈያው ጭልፋ አንዴ ሲሞላ 340 ግራም ሩዝ ያነሣል። አካፋ በሉት። 90 ኪሎ የሚመዝነው ስፖርተኛም፣ ቁርሷን አርፍዳ የበላችዋም እኩል ነው የሚጣልላቸው።

ትንሽ ጭልፋ ስቶር ውስጥ ነበር። 240 ግራም ነው። ቀየርነው። "ያልጠገበ ተመልሶ ይምጣ፣ ሰልፍ ሳይዝ በጎን ይጨመርለታል" የሚል ወረቀት ለጠፍን።

በሁለት ሰዓት ውስጥ ቴሌግራም ተቀጣጠለ። "ምግብ ሊቀንሱብን ነው!" "በአካባቢ ጥበቃ ስም በጀት ሊበሉ!" ስሜ ሳይቀር ተጠራ። መጀመሪያ ተናደድኩ። ቆይቼ ሳስበው ግን ጥርጣሬያቸው ከሜዳ የመጣ አይደለም። የሚተርፈው ገንዘብ የት እንደሚሄድ እኔም አላውቅም ነበር። ስለዚህ ወደ ኃላፊው ቢሮ ሄድን። ከሩዝ የሚቆጠበው ተመልሶ ለፍራፍሬ እንዲውል ጠየቅን። ሁለት ቀን አስጠበቁን፣ ግን ፈረሙ። የፈረሙበትን ወረቀት በስልኬ አንሥቼ ግሩፑ ውስጥ ለቀቅኩት። ማክሰኞና ሐሙስ ሙዝ ይኖራል። ከዚያ በኋላ ጫጫታው በረደ። ፖስተሩ ቢለጠፍ ሙዙን ያህል የሚሠራ አይመስለኝም።

ተመልሶ የሚጨምር ሰው ቆጠርን። በቀን ከ70 አይበልጥም። ሌላው 240ው በቅቶታል ማለት ነው።

ሳምንት 4፣ ረቡዕ

ትሪ የማንሣት ሙከራ። ሐሳቡን ያገኘሁት አሜሪካ ዋሽንግተን ውስጥ ባለው አሜሪካን ዩኒቨርሲቲ ከተደረገ ጥናት ነው። ትሪ ሲነሣ የሚጣለው ምግብ በ32 በመቶ ቀንሷል። ትሪ ያለው ሰው ያየውን ሁሉ ይደረድራል፤ ሁለት እጅ ብቻ ያለው ግን የሚበላውን ያህል ይይዛል። የሚታጠብ ትሪ ስለማይኖርም ውኃና ሳሙና ይተርፋል።

እኛ ጋ ግን ብዙ አልተሳካም። እነሱ ዘንድ ሰው እንዳሻው የሚያነሣበት አዳራሽ ነው። እኛ ጋ ምግቡ የሚታደለው በጭልፋ ነው፣ ትሪ ኖረ አልኖረ ያው ነው። በዚያ ላይ በመጀመሪያው ቀን ሁለት ሰሐን ሾርባ ወለል ላይ ፈሰሰ። በክራንች የሚሄድ ልጅ ደግሞ መሐል ቆሞ ሳህኑን በምን እንደሚይዘው ግራ ሲገባው አየሁ። አፈርኩ። ትሪዎቹን በማግሥቱ መለስናቸው። ብቻ ከመግቢያው አንሥተን ጎን ላይ አስቀመጥናቸው፣ የፈለገ ሄዶ ይወስዳል። ግማሹ ሰው ሳይወስድ ያልፋል። ያም ይበቃናል።

ሳምንት 5

ሜኑ። ይሄ በጣም የምፈራው ክፍል ነበር። ሰው ከሥጋው ጋር አትነካኩኝ ይላል። ግን በቅንነት ከተሰላ ከካፌያችን የሚወጣውን ምድርን የሚያሞቅ ጋዝ በትልቁ የሚወስነው የሚጣለው ሳይሆን የሚገዛው ነው። ጆሴፍ ፑርና ቶማስ ኔሜቼክ በ2018 ያወጡት ጥናት 119 አገሮች ውስጥ ካሉ 38,700 ያህል እርሻዎች መረጃ ሰብስቧል። በዚያ ስሌት አንድ ኪሎ የበሬ ሥጋ ከአንድ ኪሎ አተር በብዙ አሥር እጥፍ የሚበልጥ ጋዝ ያስከትላል። ከብቱ ሲያመሰኳ የሚያወጣው ሚቴን አለ፣ መኖ የሚበቅልበት መሬት አለ፣ ለግጦሽ የተመነጠረው ደን አለ። ዶሮ በመሐል ነው፣ ግን ወደ አተሩ ይጠጋል።

ሥጋ እንከልክል ብሎ የተነሣ የክበባችን አባል ነበር። አይሆንም አልኩት። የተከለከለ ሰው ከግቢ ወጥቶ ይበላል፣ እኛንም ይጠላናል። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ካፌዎች ውስጥ ከ94 ሺህ በላይ ምሳና እራት የተቆጠረበት ጥናት አለ፣ በ2019 የወጣ። ከአራት ምግብ አንዱ ብቻ ሥጋ የሌለው የነበረውን ከአራት ሁለቱ ሲያደርጉት ሥጋ የሌለው ምግብ ሽያጭ ከ41 እስከ 79 በመቶ ጨመረ። ማንም ምንም አልተከለከለም፣ ምርጫው ነው የሰፋው።

እኛም ሁለተኛ አማራጭ ጨመርን። የመጀመሪያው ቀን ውድቀት ነበር። ሰሌዳው ላይ "ሥጋ የሌለው አማራጭ፦ ምስር" ተብሎ ተጻፈ። 90 ሰው ያህል ብቻ ወሰደ። እኔም ቀመስኩት። ለምን እንዳልተወሰደ ገባኝ፦ ውኃ ውኃ ይላል። ስለ አየር ንብረት ለውጥ የፈለግሽውን ብትናገሪ ውኃ ውኃ የሚል ምስር ማንም አይበላም።

ማዘር ነገሩን በእጃቸው ያዙት። ቀይ ሽንኩርቱን ያለ ዘይት አስቀድመው አቁላሉት፣ ቡናማ እስኪሆን፣ ከግማሽ ሰዓት በላይ። ከዚያ ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቲማቲም ድልህ። ምስሩ መጨረሻ ላይ ገባ። ካሮቱን አልቀቀሉትም፤ ምድጃ ውስጥ አስገብተው ጠርዙ እስኪጠቁር ጠበሱትና ከላይ ደፉበት። ሽታው እስከ ቤተ መጻሕፍቱ በር ይደርሳል። ስሙንም ቀየርነው፦ "የተጠበሰ ካሮት በነጭ ሽንኩርት በተቁላላ ምስር"።

ስሙ እንዲህ እንዲሆን ያሰብኩት ዝም ብዬ አይደለም። ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ካፌ ውስጥ አንድ ዓይነት አትክልትን በተለያየ ስም አቅርበው ያዩ ተመራማሪዎች አሉ፣ ውጤቱ በ2017 ወጣ። በሚያስጎመጅ ስም ሲጠራ ተራ ስም ከተሰጠው ቀን 25 በመቶ፣ ስብና ስኳር እንደተቀነሰበት ከተነገረበት ቀን ደግሞ 41 በመቶ የበለጠ ሰው አነሣው። "ጤናማ" የሚለው ቃል ሰው ያባርራል። ከተናገርንም አብሮ መጣፈጥ አለበት፣ አለበለዚያ በሁለተኛው ቀን ይነቃብናል።

በሳምንቱ መጨረሻ 170 ሰው ወሰደው። ግማሹ ምስር እንደሆነ እንኳ ልብ ያለው አይመስለኝም።

በዚሁ ሳምንት ትንሽ ነገር፣ ግን የምወዳት። ወጥ ቤት ካሉት 11 ትልልቅ ድስቶች ክዳን የነበራቸው አራቱ ብቻ ናቸው። ክዳን የሌለው ድስት ሙቀቱን በእንፋሎት ይበትናል፣ ስለዚህ እሳቱን ይጨምሩለታል። ውኃ አንዴ ከፈላ ደግሞ እሳት ቢጨመርበት ፈጥኖ ይተናል እንጂ ምግቡ ፈጥኖ አይበስልም። የብየዳ ወርክሾፑ ልጆች ከቁርጥራጭ አልሙኒየም ሰባት ክዳን ሠሩልን። መያዣቸው ጠማማ ነው፣ መልካቸው አያምርም። ባቄላውም አሁን ከማታ ጀምሮ ውኃ ውስጥ ያድራል። ከክዳኑ ጋር ተዳምሮ የባቄላው እሳት ከበፊቱ 50 ደቂቃ ያህል ቀድሞ ይጠፋል። በእጅ ሰዓት ያየሁት ነው።

ሳምንት 6፣ ማክሰኞ

ኮምፖስት። ሁሉም ሰው የሚወደው ክፍል ይሄ ነው፣ ፎቶ ላይ ያምራላ። እኔ ግን መጨረሻ ላይ ነው ያመጣሁት። ሩዝ አብስሎ ኮምፖስት ማድረግ ውድ ማዳበሪያ መሥራት ነው። መጀመሪያ አለማትረፍ፣ ቀጥሎ ሰው እንዲበላው፣ ልጣጩን ነው ወደ መሬት።

ለምን እዚያው የቆሻሻ ማከማቻ አይሄድም? እዚያ ከላይ ይደፈንበታል፣ አየር ያጣል። አየር ሳያገኝ የሚበሰብስ ምግብ ሚቴን ያወጣል። ሚቴን በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ሙቀት ያምቃል። አየር እያገኘ ከበሰበሰ ግን አብዛኛው ችግር አይፈጠርም።

ከግቢው አትክልተኛ ጋር ከአጥሩ ሥር አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ የእንጨት ሳጥን ሠራን። ቁመቱም አንድ ሜትር ነው። ከዚያ ካነሰ ሙቀት አይይዝም። በደስታ የአንድ ሳምንት ልጣጭ ገለበጥንበት።

ሳምንት 6፣ ሰኞ ልንለው ስንል ሳምንት 7 ሆነ

ሸተተ። እንዲያው ሸተተ ሳይሆን ገማ። የተበላሸ እንቁላል። ከአጥሩ አቅራቢያ ያለው የሴቶች ዶርም አቤቱታ አስገባ፣ ልክ ናቸው። ዝንቡ አይነገርም።

አትክልተኛው መጥተው በዱላ ገለጥ አደረጉት። ውስጡ ጥቁር ጭቃ። "ልጄ፣ ይሄ እኮ ሰምጧል። ደረቅ ነገር የት አለ?" አሉኝ። አፈርኩ፣ ምክንያቱም አንብቤው ነበር። ለአንድ ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 ካርቦን ያስፈልጋል። ልጣጭ ውኃና ናይትሮጅን ይበዛዋል። ደረቅ ቅጠልና ሰጋቱራ ካርቦኑን ያመጣሉ፣ መሐል መሐል ላይም አየር ያስገባሉ። እኔ ልጣጩን ብቻ ነው የቆለልኩት።

በአካፋ አወጣነው። ከእንጨት ቤቱ አምስት ጆንያ ሰጋቱራ አመጣን። አንድ ባልዲ ልጣጭ፣ ከላዩ ሁለት ባልዲ ቅጠልና ሰጋቱራ፣ እንደገና ልጣጭ። አጥንትና ዘይት የነካው አይገባም። እርጥበቱን በእጅ ነው የምናየው። ጨብጠን ስንጨምቀው እንደተጨመቀ ስፖንጅ ሆኖ ጠብታ ካላፈሰሰ ልክ ነው።

በአራተኛው ቀን ቴርሞሜትሩን መሐሉ ላይ ወጋነው። 61 ዲግሪ! ጠዋት ሲከፈት ይጨሳል። ከ55 ዲግሪ በላይ ለቀናት ከቆየ ብዙው ጎጂ ባክቴሪያና የአረም ዘር ይሞታል። ሽታው አሁን እንደ ዝናብ የነካው አፈር ነው። አቤቱታ ያስገባችው ልጅ ለዶርሟ አበባ ማዳበሪያ መቼ ይደርሳል ብላ ጠየቀች። ሦስት ወር ታገሺ አልኳት።

ሳምንት 9፣ ዓርብ

ሁለተኛው ምዘና አለቀ። አምስት ቀን፣ ያው ሚዛን፣ ያው ወንፊት፣ ባዶ ባልዲ ተቀንሶ። ሳህን፦ 2,950 ገደማ። ባልዲ 1፦ 138 ኪሎ። ባልዲ 2፦ 84 ኪሎ። ባልዲ 3፦ 141 ኪሎ። በሳህን ሲካፈል ከ200 ግራም ወደ 123 ወረደ።

ባልዲ 3 ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። አትክልት ስናበዛ ልጣጩም በዛ፣ ሌላ ምን ሊሆን። ክበቡ ውስጥ "ይሄን ሪፖርቱ ላይ ባናወጣውስ?" ያለ ነበር። አወጣነው። ልጣጩ ሳጥኑ ውስጥ ነው ያለው፣ የቆሻሻ መኪና ላይ አይደለም። ደግሞ ሁለት የተለያዩ ሳምንታትን ነው ያነጻጸርነው። የሜኑው ዕጣ፣ የአየሩ ሁኔታ፣ ሁሉም ይለያያል። በየወሩ አንድ ሳምንት እየተመዘነ ካልቀጠለ ቁጥሩን ራሴም ሙሉ በሙሉ አላምነውም።

ያልነካነው ብዙ አለ። በፌስታልና በአንድ ጊዜ ዕቃ የሚወጣው ምግብ እንዳለ ነው። የራሱን ሳህን ይዞ ለሚመጣ ቅድሚያ እንስጥ ብለን ሞከርን፣ በሦስተኛው ቀን ማንም አላስታወሰውም። የፍሪጁ በር ላስቲክም ተልጧል፣ ጥያቄ አስገብተናል።

ሳምንት 11

ፈተና ላይ ስለሆንኩ ወጥ ቤት ሳልደርስ አሥር ቀን አለፈ። የሳህኑን ቁጥር ማን ይጽፈዋል የሚል ሐሳብ ነበረብኝ። ዛሬ ምሳ ልበላ ስሄድ በመስኮቱ በኩል ሰሌዳውን ሰረቅ አድርጌ አየሁት። አሥሩም ቀን ተሞልቷል። ጽሕፈቱ የእኔ አይደለም፤ ትልልቅ፣ ወደ ግራ የተጋደመ ፊደል ነው። ከዓርብ ጎን "ፈተና አለ፣ 600 ያዙ" ተብሎ ተጽፏል።

ትንሹን ጭልፋ የያዙት ማዘር ነበሩ። ሩዙን ሰጥተውኝ እጄን ያዝ አደረጉኝ።

"አንቺ ልጅ፣ የት ጠፍተሽ ነው? የሚዛኑ ባትሪ አልቋል። ሁለቱን ቀን በግምት ነው የጻፍኩት፣ ደስ አላለኝም። ነገ ይዘሽ ነይ።"